ኮር ዋስትና አይደለም፣ ኦፕሽናልም ትርፍ አይደለም፦ ስለ አንት ታስኮችና ላይብረሪዎቻቸው የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ የጃቫ ኮድን ኮምፓይል አድርጎ ወደ ተዘጋጀ ፕሮግራም የሚያደርሰውን አፓቺ አንትን ምሳሌ አድርጎ የቢልድ መሣሪያ ተጠቃሚዎችን እንዲህ ይመክራል፦ ኮር የሚባሉት ታስኮች (አንት የሚፈጽማቸው ነጠላ ሥራዎች) የተፈተኑና አስተማማኝ ስለሆኑ በእነሱ ብቻ ሥሩ፤ ኦፕሽናሎቹ ሁለተኛ ደረጃ ናቸውና ራቋቸው፤ «ታስኩን መፍጠር አልተቻለም» የሚል መልእክት ከመጣ አንትን አጥፍታችሁ እንደገና ጫኑ፤ ያም ካልረዳ ያገኛችሁትን ጃር (የተዘጋጀ የጃቫ ኮድ የታሸገበት ፋይል) ሁሉ የአንት ሊብ ፎልደር ውስጥ ክተቱ፤ ላይብረሪዎቹን አብሮ አለማቅረብ የአንት ሠሪዎች ስንፍና ነው፤ ሜቨን ወደሚባለው ሌላ የጃቫ ቢልድ መሣሪያ የተሻገረ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ተገላግሏል። ጸሐፊው ችግሩን በትክክል አይተውታል። ጀማሪ ሰው በዚህ ጉዳይ ግማሽ ቀን ሲያባክን ማየት የተለመደ ነው። ካዘዟቸው መድኃኒቶች ግን አንዳንዶቹ በሽታውን ያባብሳሉ።

«ኮር አስተማማኝ ነው፣ ኦፕሽናል ሁለተኛ ደረጃ ነው»

ስህተቱ ገና ከቃሉ ይጀምራል። ኦፕሽናልን «አማራጭ» ማለት ስለለመድን፣ ከሁለት አንዱን ያዝ ሌላውን ተው የተባልን ይመስለናል። አንት እንዲህ አላለም። ኦፕሽናል ታስክ ለሌላ ታስክ ተለዋጭ ሆኖ የቀረበ አይደለም፤ በአብዛኛው ሥራውን ለመሥራት ከአንትና ከጃቫ ውጭ የሆነ ላይብረሪ ወይም ፕሮግራም የሚፈልግ ታስክ ነው። መስመሩ የተሰመረው በጥራት አይደለም፤ «ይህ እንዲሠራ ሌላ ምን መኖር አለበት?» በሚል ጥያቄ ነው። «ተጨማሪ ዕቃ የሚጠይቅ» ቢባል ለእውነቱ ይቀርብ ነበር።

መስመሩ ምን ያህል የአደረጃጀት ጉዳይ እንደሆነ የአንት ታሪክ ራሱ ይናገራል። እስከ 1.5 ድረስ ኦፕሽናል ታስኮች በአንድ ትልቅ ጃር ታጭቀው ይቀርቡ ነበር። በ1.6 ያ ጃር በሚፈለገው ላይብረሪ ልክ ተከፋፈለ፤ ቴስት ለሚያስኬደው ጄዩኒት አንድ፣ ለኤስኤስኤች ላይብረሪው ጄኤስሲኤች አንድ፣ ለኤፍቲፒ ለሚያገለግለው ኮመንስ ኔት አንድ እያለ። የውጭ ላይብረሪ የማይፈልጉት ደግሞ «አንት-ኖዴፕስ» የሚባል ጃር ውስጥ ተሰበሰቡ። በ1.8.2 ይህ ጃር ከዋናው የአንት ጃር ጋር ተቀላቀለ። እንግዲህ በጽሑፉ ምክር የሚሄድ ሰው ሪፕሌስሬጅኤክስፒ ወይም ፕሮፐርቲፋይል የሚባሉትን ታስኮች በ1.8.1 ይሸሻቸዋል፣ በ1.8.2 ያምናቸዋል ማለት ነው። የተቀየረው ግን የተቀመጡበት ጃር ነው። የክላሶቹ ፓኬጅ ዛሬም «ኦፕሽናል» የሚለውን ስም እንደያዘ ነው።

ኮር የሆነ ሁሉም ራሱን የቻለ አይደለም። የጃቫ ኮድን ከሚኮምፓይለው ከጃቫሲ የበለጠ ኮር ታስክ የለም፤ ሆኖም ጃቫ ሆም የሚባለው ቅንብር ወደ ጄዲኬ (ኮምፓይለር ወዳለው የጃቫ ጥቅል) ሳይሆን ወደ ጄአርኢ (ማስኬጃ ብቻ ወደሆነው) ካመለከተ ኮምፓይለር አጣሁ ብሎ ይቆማል። ሜይልም ኮር ነው። ተራ ጽሑፍ ለመላክ ምንም አይጠይቅም፤ የሜይል ሰርቨሩ የይለፍ ቃል ወይም ኤስኤስኤል ከጠየቀ ግን ጃቫሜይል የግድ ነው። ጃቫሜይል ደግሞ በተራው አክቲቬሽን የሚባል ላይብረሪ ይፈልጋል። አክቲቬሽን ከጃቫ 6 ጀምሮ ከጄዲኬው ጋር ይመጣ ስለነበር ማንም ልብ አይለውም ነበር፤ በጃቫ 11 ከጄዲኬው ወጣ። ስለዚህ በጃቫ 8 ለዓመታት ሜይል ሲልክ የኖረ የቢልድ ፋይል፣ አንድ ፊደል ሳይነካ፣ ጃቫ 11 ላይ የአክቲቬሽን ክላስ ጠፋ ብሎ ይወድቃል። መፍትሔው የአክቲቬሽንን ጃር ከጃቫሜይሉ ጎን ማስቀመጥ ነው፤ ታስኩ ኮር መሆኑ ግን ከዚህ አላዳነም።

ጸሐፊው ፋይል ወደ ሌላ ማሽን የሚልከውን ኦፕሽናል የሆነውን የኤስሲፒ ታስክ ትቶ፣ የውጭ ፕሮግራም በሚያስነሳው ኮር ታስክ በኤግዜክ የሲስተሙን ኤስሲፒ መጥራት ይሻላል ይላሉ። አንዳንዴ እውነት ነው፤ የማሽኑን የኤስኤስኤች ቅንብርና ቁልፎች እንዳሉ ይጠቀማል። ያልተናገሩት ነገር ግን ከተናገሩት ይከብዳል። ኤግዜክ «ፌይልኦንኤረር» የሚለው አትሪቢዩት ካልተሰጠው፣ የተጠራው ፕሮግራም በስህተት ቢመለስ እንኳ ቢልዱን አያቆምም። የኤስሲፒ ታስክ ደግሞ ሳይነገረው ያቆማል። ምክሩን እንዳለ የተቀበለ ሰው ፋይሉ ሰርቨሩ ላይ ሳይደርስ የመጨረሻው መስመር «ቢልድ ሰክሰስፉል» ይለዋል። ኤግዜክን የሚመርጥ ሁለት ነገር ያድርግ፦ ፌይልኦንኤረርን ትሩ ይበል፣ ለኤስሲፒው ደግሞ በትልቁ «-ቢ» የሚጻፈውን የባች ምልክት ይስጠው። ይህ ምልክት ከሌለ ቁልፉ ተቀባይነት ባጣ ቀን ኤስሲፒ የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ማንም በሌለበት ሰርቨር ላይ ደግሞ መልስ የሚሰጠው የለም።

«መልእክቱ ሲመጣ አጥፍቶ እንደገና መጫን»

እንደገና የተጫነው አንት ከጠፋው በምንም አይለይም። የጎደለው ነገር መጀመሪያም አብሮ የማይመጣ ስለሆነ መልሶ ይጎድላል።

የሚያዋጣው መልእክቱን እስከ ታች ማንበብ ነው። የመጀመሪያው መስመር ሁሌም አንድ ነው፤ ቁም ነገሩ ቀጥሎ «ምክንያት» ብሎ የሚጽፈው ላይ ነው። ምክንያቱ ሦስት መልክ አለው፣ ሦስቱም የተለያየ ነገር ነው የሚሉት።

አንደኛው «ስሙ አይታወቅም» ይላል። አንት የራሱን ታስኮች የስም ዝርዝር፣ ኦፕሽናሎቹን ጨምሮ፣ በዋናው ጃር ውስጥ ይዞ ስለሚነሳ «ኤስሲፒ» ብሎ በትክክል ለጻፈ ሰው ይህ አይመጣበትም። ከመጣ ወይ ፊደል ተሳስቷል፣ ወይ የሦስተኛ ወገን ታስክ ሆኖ፣ አዲስ ታስክን ለአንት በሚያስተዋውቀው በታስክዴፍ ሳይታወጅ ቀርቷል። ጃር ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም።

ሁለተኛው «ክላሱ አልተገኘም፤ ከአንት ኦፕሽናል ክፍሎች አንዱ ይመስላል» ይላል። ስሙን አውቆታል፣ ኮዱ የተቀመጠበት የአንት ጃር ግን የለም። ይህ በብዛት የሚታየው አንት ከሊኑክስ ፓኬጅ ሲጫን ነው። ዴቢያንና ኡቡንቱ «አንት» እና «አንት-ኦፕሽናል» ብለው ለሁለት ከፍለው ያቀርቡታል፤ የመጀመሪያውን ብቻ የጫነ ሰው የጄዩኒት ታስክን አያገኝም። ሁለተኛውን ፓኬጅ መጨመር ይበቃል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው፦ «የሚፈለገውን ክላስ መጫን አልተቻለም፤ የአንት ኦፕሽናል ጃሮች መኖራቸው ብቻ አይበቃም»። እዚህ የአንቱ ጃር አለ፣ እሱ የሚደገፍበት ላይብረሪ ነው የጠፋው። ስማቸው ስለሚመሳሰል ነው ሰው የሚሞኘው። «አንት-ጄኤስሲኤች» የሚባለው ጃር የአንት ነው፣ በአንትና በላይብረሪው መካከል ድልድይ ነው፤ «ጄኤስሲኤች» ግን ኤስኤስኤችን በጃቫ የሚናገረው ላይብረሪ ራሱ ነው፣ ሠሪውም ሌላ ነው። መልእክቱ የጠፋውን ክላስ ሙሉ ስም ከነፓኬጁ ስለሚጽፍ የትኛው ላይብረሪ እንደጎደለ ከዚያው ይነበባል። እንዲያውም ቀጥሎ አትደንግጡ፣ ይህ የተለመደ ችግር ነው፣ የቅንብር ጉዳይ እንጂ የፕሮግራም ስህተት አይደለም ይላል። እንዲህ የሚያጽናና የስህተት መልእክት ብዙ ቦታ አይገኝም፤ የሚያነበው ሰው ጠፋ እንጂ።

ከመገመት ይልቅ ለማየት የፈለገ አንትን በ«-ዳያግኖስቲክስ» ያስነሳው። በአንት ሊብ ውስጥና በተጠቃሚው የግል ፎልደር ውስጥ ያሉትን ጃሮች ይዘረዝራል፤ «የታስኮች መገኘት» በሚለው ክፍል ደግሞ እያንዳንዱን የማይሠራ ታስክ ከጎደለው ክላስ ጋር ያወጣል። ዝርዝሩ ረዝሞ ቢመጣ አንቱ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ታስኩ አለመኖሩ የሚያሳስበው ልትጠቀሙበት ከሆነ ብቻ እንደሆነ ሪፖርቱ ራሱ ይናገራል።

«ያገኙትን ጃር ሁሉ አንት ሊብ ውስጥ መክተት»

ይህ ምክር ይሠራል፤ ጉዳቱም የሚመጣው ስለሚሠራ ነው።

አንደኛ ጉዳቱ በጃቫሲ በኩል ነው። የጃቫሲ ታስክ «ኢንክሉድአንትራንታይም» የሚባል አትሪቢዩት አለው። ካልተሰጠ አንት የራሱን ጃሮች፣ ሊብ ውስጥ የተከተተውን ሁሉ ጨምሮ፣ የናንተ ኮድ በሚኮምፓይልበት ክላስፓዝ (ጃቫ ክላስ የሚፈልግባቸው ቦታዎች ዝርዝር) መጨረሻ ላይ ይደረድራቸዋል። ከ1.8 ጀምሮ በየቢልዱ የሚታየውና ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ የሚያልፈው ማስጠንቀቂያ ይህንኑ ነው የሚናገረው። ስለዚህ ፕሮጀክታችሁ ውስጥ ያልተመዘገበ ላይብረሪ ለኤፍቲፒ ተብሎ አንት ሊብ ውስጥ ስለገባ ብቻ ኮዳችሁ ሊጠቀምበትና ያለ ስህተት ሊኮምፓይል ይችላል። ጉድለቱ የሚታወቀው ፕሮግራሙ ሌላ ማሽን ላይ ሲነሳ ነው። በእያንዳንዱ ጃቫሲ ላይ ይህን አትሪቢዩት ፎልስ ማድረግ ይህን በር ይዘጋል፤ የአንት ሠሪዎችም ለሚደገም ቢልድ የሚመክሩት ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው የቨርዥን ጉዳይ ነው። አንት ሊብ አንድ ነው፣ ፕሮጀክቶች ግን ብዙ ናቸው። አሮጌ የጄዩኒት ጃር እዚያ ተቀምጦ ከሆነ፣ የጄዩኒት ታስክ ያለ ፎርክ (ማለትም በአንቱ በራሱ የጃቫ ሂደት ውስጥ) ሲሠራ ፕሮጀክቱ ያመጣውን አዲሱን ትቶ አንት ሊብ ውስጥ ያለውን ይወስዳል። ውጤቱ «እንዲህ ያለ ሜተድ የለም» የሚል፣ ከኮዱ ጋር ምንም የማይገናኝ የሚመስል ስህተት ነው።

ለመሆኑ ሰው ለምን ሊብ ውስጥ መክተትን ይመርጣል? ሥርዓቱን የጠበቀው መንገድ ስላልሠራለት ነው። ጽሑፉ ይህን አልነካውም፤ ከሁሉ በላይ መብራራት የነበረበት ግን ይህ ነበር።

አንድ ሰው ሁለቱን ጃሮች፣ አንት-ጄኤስሲኤችንና ጄኤስሲኤችን፣ በፕሮጀክቱ ፎልደር ያስቀምጣል። በታስክዴፍ ክላስፓዝ ውስጥ ሁለቱንም ይጠራል። መንገዱ ትክክል ነው፣ ፋይሎቹ አሉ። ያም ሆኖ ያው ሦስተኛው ስህተት ይመጣል። ምክንያቱ ክላሶችን እየፈለጉ የሚጭኑት የጃቫ ክፍሎች፣ የክላስ ሎደሮች፣ ሥርዓት ነው። ክላስ ሎደሮች እንደ ወላጅና ልጅ ይደረደራሉ፤ ልጁ ክላስ ሲፈለግበት መጀመሪያ ወላጁን ይጠይቃል፣ ወላጁ ካለው የወላጁን ይወስዳል። ወላጁ ግን ልጁ የያዘውን ፈጽሞ አያይም። እዚህ ታስክዴፉ የፈጠረው ልጅ ነው፣ አንት ሊብ ወላጅ። ልጁ «የኤስሲፒ ክላስ አለህ?» ሲል፣ አንት-ጄኤስሲኤች ከአንት ጋር አብሮ የሚመጣ ጃር ስለሆነ ወላጁ አለኝ ይላል። ክላሱ ከላይ ተጫነ። ከላይ የተጫነ ክላስ ደግሞ ጄኤስሲኤችን የሚፈልገው እዚያው ላይ ነው፤ ጃሩ ግን ታች ነው ያለው። ታስክዴፉን መቶ ጊዜ ቢያስተካክሉት ይህ አይለወጥም።

መውጫው ሁለቱን ጃሮች አንድ ደረጃ ላይ ማድረግ ነው። አንድም አንት-ጄኤስሲኤችን ከአንት ሊብ አንስቶ ሁለቱንም ታች ማዋል ነው፤ ይሠራል፣ ግን በየማሽኑ የአንትን አቃፊ መነካካት ይጠይቃል። የተሻለው ላይብረሪውን በ«-ሊብ» ምልክት ወደ ላይ ማውጣት ነው። አንት ሲነሳ በዚህ ምልክት የተሰጡትን፣ በተጠቃሚው ሆም ውስጥ ባለው በነጥብ በሚጀምረው የአንት ፎልደር ሊብ ውስጥ ያሉትንና የራሱን ሊብ በዚሁ ቅደም ተከተል አንድ ሎደር ላይ ይጭናቸዋል። ስለዚህ የቢልድ ላይብረሪዎቹን ከምርቱ ላይብረሪዎች ለይቶ በፕሮጀክቱ ውስጥ በአንድ ፎልደር ማኖር፣ ከኮዱ ጋር አብሮ መመዝገብ፣ አንትን ሁሌ በዚያ ፎልደር አድራሻ ማስነሳት ነው። በየጊዜው መጻፉ ከሰለቸ «አንት አርግስ» የሚባለው የአካባቢ ተለዋዋጭ ይይዘዋል። በቢልድ ሰርቨሩ ላይ ደግሞ «-ኖዩዘርሊብ» እና «-ኖክላስፓዝ» ይጨመሩ፤ ያኔ አንድ ሰው ግል ፎልደሩ ውስጥ የረሳው ጃር ቢልዱን በስውር አይደግፈውም።

ጄዩኒት ከዚህ ደንብ የተለየ ነው። ከ1.7 ጀምሮ አንት-ጄዩኒት በአንት ሊብ እንዳለ ሆኖ የጄዩኒትን ጃር በታስኩ ውስጥ ባለው ክላስፓዝ መስጠት ይቻላል። ብዙ ሰው በጄዩኒት የሠራለትን ይዞ ወደ ኤስሲፒ ሲሄድ ግራ የሚጋባው በዚህ ነው።

ላይብረሪዎቹን በእጅ መልቀም ለማይፈልግ፣ ከአንት ጋር የሚመጣ «ፌች» የተባለ የቢልድ ፋይል በአንት መነሻ ፎልደር ውስጥ አለ። «ዴስት» የሚባለውን ፕሮፐርቲ «ዩዘር» ካሉት ወደ ግል ፎልደር፣ «ሲስተም» ካሉት ወደ አንት ሊብ ያወርዳል። «ኦፕሽናል» የሚለው ሦስተኛው መድረሻ አንትን ራሱን ከምንጭ ኮዱ ለሚገነባ ነው። በዚያን ጊዜ ላይብረሪ ከጎደለ በእሱ ላይ የተመሠረተው ታስክ ሳይኮምፓይል ይታለፋል፤ ቢልዱ አይወድቅም፤ በኋላ ሲፈለግ ግን ሁለተኛው ዓይነት መልእክት ይመጣል።

«አብሮ አለማቅረቡ ስንፍና ነው»

ፈቃድን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የአፓቺ ደንብ ኤልጂፒኤል በሚባለው ፈቃድ የሚወጡ ላይብረሪዎችን አብሮ ማሰራጨት አይፈቅድም። ከኦፕሽናል ታስኮቹ መካከልም እንደ ክሊርኬዝ ላሉ በገንዘብ ለሚሸጡ ፕሮግራሞች የተሠሩ አሉ፤ እነሱን አንት ሊያድል አይችልም።

ፈቃዱ በሚፈቅድበት ቦታም መለየቱ ጥቅም አለው። የጄኤስሲኤች የመጀመሪያው ሠሪ የመጨረሻ ቨርዥን 0.1.55 የወጣው በ2018 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በመስከረም 2021 በዚሁ አቆጣጠር ኦፕንኤስኤስኤች የሚባለው የኤስኤስኤች ፕሮግራም 8.8 ወጣና ሻ-1 በሚባለው አሮጌ ዘዴ የሚፈረሙ የአርኤስኤ ፊርማዎችን ሳይጠየቅ መቀበል አቆመ። 0.1.55 ደግሞ ለአርኤስኤ ቁልፍ የሚያውቀው ፊርማ እሱን ብቻ ነው። ሰርቨሩ በታደሰ ማግስት የኤስሲፒ ታስክ በአርኤስኤ ቁልፍ ሲገባ «ማንነት አልተረጋገጠም»፣ ሰርቨሩ የአርኤስኤ መለያ ቁልፍ ብቻ ካለው ደግሞ «በአልጎሪዝም አልተስማማንም» ይላል። ሰዎች የይለፍ ቃልና የፋይል ፈቃድ ሲመረምሩ ይውላሉ፤ ጥፋቱ ግን እዚያ የለም። የተፈታውም ላይብረሪው ከአንት ውጭ በመሆኑ ነው። ሌሎች ሰዎች የቀጠሉት የጄኤስሲኤች ቅርንጫፍ አዲሶቹን የሻ-2 ፊርማዎች ያውቃል፣ የፓኬጅ ስሞቹንም አልቀየረም። አሮጌውን ጃር አውጥቶ ይህን ማስገባት ብቻ ነው፤ የአንት አዲስ ቨርዥን መጠበቅ አያሻም። ማውጣቱ ላይ ግን ይጠንቀቁ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ከቀሩ የትኛው እንደሚጫን የሚወስነው ቅደም ተከተል ነው።

«ወደ ሜቨን የተሻገረ ተገላገለ»

ጃር መልቀሙን በእርግጥ ተገላግሏል። የላይብረሪን ላይብረሪ ተከታትሎ ማውረድ የሜቨን ትልቁ ውለታ ነው፤ አንት ላይ ይህ በእጅ የሚሠራ ነው። ጥያቄው ግን መልኩን ቀየረ እንጂ አልጠፋም።

ሜቨን ላይ «ኦፕሽናል» የሚለው ቃል ሌላ ትርጉም አለው። አንድ ላይብረሪ ፖም በሚባለው የሜቨን መግለጫ ፋይሉ ጥገኝነቱን (የሚደገፍበትን ሌላ ላይብረሪ) ኦፕሽናል ካለ፣ «እኔ ስኮምፓይል እፈልገዋለሁ፣ እኔን ለሚጠቀም ሰው ግን አታስተላልፉበት» ማለቱ ነው። ተጠቃሚው ኮዱን ያለ ችግር ይኮምፓይላል፤ ያን ላይብረሪ የሚነካው መስመር ላይ ሲደርስ ነው ክላሱ የሚጠፋው። መፍትሔው ተጠቃሚው ጥገኝነቱን በራሱ ፖም ላይ መጻፉ ነው። ግሬድል የሚባለው ሌላ ቢልድ መሣሪያ «ኮምፓይልኦንሊ»ም ሰውን እዚሁ ያደርሰዋል።

የሜቨን ኮር ደግሞ ከአንት ኮር እጅግ ይቀጥናል፤ መኮምፓይሉም ቴስት ማስኬዱም የፕላጊን ሥራ ነው። የፕላጊኑን ቨርዥን ካልጻፉ ሜቨን ከራሱ ቨርዥን ጋር የታሰረውን ይወስዳል። እስከ 3.8 ባሉት በብዙዎቹ የሜቨን 3 ቨርዥኖች ቴስት የሚያስኬደው ፕላጊን ሹርፋየር 2.12.4 ነበር፤ ጄዩኒት 5ን በቀጥታ የሚያውቀው ግን ከ2.22.0 ጀምሮ ነው። ቨርዥን ሳይጽፍ ቴስቶቹን በጄዩኒት 5 የጻፈ ሰው «የሄዱ ቴስቶች፦ 0» ተብሎ፣ ከሥሩ «ቢልድ ሰክሰስ» ይጻፍለታል። አንት ቢያንስ ጮሆ ነው የሚወድቀው። እዚህ መደረግ ያለበት የሹርፋየርን ቨርዥን በፖሙ ላይ 2.22.0 ወይም ከዚያ በላይ ብሎ መጻፍና፣ ሳይነገረው ፎልስ የሆነውን «ፌይልኢፍኖቴስትስ» ቴስት ባለባቸው ሞጁሎች ላይ ትሩ ማድረግ ነው።